ጣቶችሽ ምን ይሥሩ? ዓይንሽስ የት ይረፍ?

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር። ዕድሜዬ 31 ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው የምውለው። ከሦስት ወር በፊት ከዩቲዩብ እያየሁ ዮጋና ሜዲቴሽን ጀመርኩ። ማታ ማታ ሻማ አብርቼ፣ አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን ገጥሜ፣ ዓይኔን ሳላርገበግብ ለሃያ ደቂቃ ያህል ነበልባሉን አያለሁ። እንባዬ ይወርዳል። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ እንባው መርዝ ሲወጣ ነው ይላል። እኔን ግን ግንባሬን ይወጥረኛል፣ ራሴን ያመኛል። አንዳንዴም የክፍሉ ግድግዳ ይጠፋብኛል። ጓደኛዬ ደግሞ በመስተዋት የራስሽን ዓይን እያየሽ ቁጭ በይ አለችኝ። ስሞክረው ፊቴ የሌላ ሰው ፊት ሆኖ ታየኝና ደንግጬ ተነሳሁ። የአፍንጫ ጫፍ ማየትም ሞክሬ አቅቶኛል። ሙድራ የሚባሉት የጣት አያያዞችስ እውነት በሽታ ይፈውሳሉ? ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ የሃይማኖቱም ነገር ያሳስበኛል። ልቀጥል ወይስ ልተው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ያየሽውን ሳትደብቂ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው መስተዋት ውስጥ ያየውን ለማንም አይናገርም። ለብቻው ይዞት ይፈራል።

መልሱን አስቀድሜ ልስጥሽ። ሻማውን ለጊዜው አቁሚ። መስተዋቱን ጨርሶ ተዪው። መቀመጡንና ጣቶችሽን ግን ያዢ፤ እነሱ ይጠቅሙሻል። አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ።

ከእንባው ልጀምር፤ ከጻፍሽው ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው። እንባው መርዝ አይደለም። ዓይንሽ ስለደረቀ የመጣ ውሃ ነው። ሰው በተለመደው ሁኔታ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። የዓይን ቆብ በወረደ ቁጥር የዓይንን ፊት በስስ እንባ ይቀባዋል። ስክሪን ስናይ ግን ማርገብገባችን በጣም ይቀንሳል። አንቺ ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ውለሽ፣ በደከመና በደረቀ ዓይን ሻማ ፊት ትቀመጫለሽ። ከዚያ ደግሞ ጭራሽ አላርገበግብም ትያለሽ። ዓይን ይቃጠላል፤ ራሱን ለማዳን እንባ ያፈስሳል። ሽንኩርት ስትከትፊ የሚወርደው ዓይነት እንባ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የቪዲዮው ሰውዬ ነገሩን ከሜዳ አላመጣውም፤ ያጣመመው ግን ይመስለኛል። የሻማው ልምምድ ትራታካ ይባላል። ስቫትማራማ የተባለ ሕንዳዊ ዮጊ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በጻፈው ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ ውስጥ አለ። እዚያ የተመደበው ከስድስቱ የማጽጃ ሥራዎች እንደ አንዱ ነው። አፍንጫን ማጠብ፣ አንጀትን ማጠብ፣ ሆድን ማንቀሳቀስ ከሚሉት ጎን ለጎን ማለት ነው። «መርዝ ይወጣል» የሚለው ወሬ ከዚህ ሳይነሳ አይቀርም። መጽሐፉ ስለ ትራታካ የሚለው ግን በጣም አጭር ነው። ልብን ሰብስበሽ፣ ዓይንሽን ሳታንቀሳቅሺ፣ አንድ ትንሽ ነገር ተመልከቺ፤ እንባ እስኪመጣ ድረስ።

«እስኪመጣ ድረስ» የምትለዋን ቃል ልብ በያት። እንባው ድንበር ነው። ሲመጣ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ፤ በዚያው ያበቃል። እንባ እየወረደ ሃያ ደቂቃ መቀመጥ በመጽሐፉም የለም። መጽሐፉ ይህን ልምምድ እንደ ወርቅ ሣጥን በጥንቃቄ ጠብቁት ይላል። የዓይን በሽታን ይፈውሳልም ይላል። እዚህ ላይ አልስማማም። ለምሳሌ የሩቁ የሚደበዝዝበት ሰው ችግሩ በአብዛኛው የዓይን ኳሱ ከልኩ በላይ ረዝሞ መገኘቱ ነው። ሻማ ማየት ደግሞ የዓይንን ኳስ አያሳጥርም። መነጽርሽን ጣይ የሚልሽ ካለ አትስሚው።

እኔም በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። ሕንድ አገር ስማር አንድ አስተማሪ ነበረን። ማታ ማታ አርባ ደቂቃ ትራታካ ያሠራን ነበር። ያመመው ሰው ሲናገር «ጽናት ይጎድልሃል» ይባላል። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቅንድቤ በላይ እንደ ብረት የሚጨምቅ ራስ ምታት ይዤ ዝም አልኩ። ኋላ የዓይን ሐኪም ጋ ስሄድ መነጽር የሚያስፈልገው ዓይን ይዤ ነበር ለካ። ያን ጊዜ የገባኝን ዛሬ ለተማሪዎቼ ሁሉ እናገራለሁ። በሜዲቴሽን ውስጥ ሕመም የዕድገት ምልክት ሆኖ አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እጅና ዓይን ለምን ተፈለጉ? ሕንዶች ስለ ጭፈራ ጥበብ የጻፉት አብሂናያ ዳርፓና የሚባል ጥንታዊ መጽሐፍ አለ። ለዳንሰኞች እንዲህ ይላል፦ እጅ ወደ ሄደበት ዓይን ይሄዳል፤ ዓይን ወደ ሄደበት ልብ ይሄዳል፤ ልብ ወደ ሄደበት ስሜት ይከተላል። መጽሐፉ የዮጋ አይደለም። እኔ ግን ስለ ሙድራና ስለ እይታ ሳስተምር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። በአማርኛም እኮ «ልቡ እዚህ የለም» እንላለን። ሰውየው ፊታችን ተቀምጦ ዓይኑ መስኮት መስኮት ሲያይ፣ ጣቱ ጠረጴዛ ሲመታ። እጁና ዓይኑ ልቡ መሄዱን ነገሩን ማለት ነው።

ሜዲቴሽን ላይ ይህንኑ መንገድ ወደ ኋላ እንሄድበታለን። ልብን በቀጥታ «ቁም» ብትይው አይሰማሽም። እጅሽንና ዓይንሽን ግን ማስቀመጥ ትችያለሽ። እነሱን አንድ ቦታ ታሳርፊያቸዋለሽ። ልብሽ ሲሄድ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሱት እነሱ ስለሆኑ ይነግሩሻል። እንደ ዘበኛ ቁጠሪያቸው። ኃይል የሚያበራ ማብሪያና ማጥፊያ አድርገሽ አትያቸው። የአብዛኛው ሰው ችግር ከዚህ ይጀምራል። ጣቴን በትክክል ብገጥም፣ ዓይኔን በደንብ ብተክል የሆነ ነገር ይከፈትልኛል ብሎ ይጠብቃል። ስለሚጠብቅም ይጨነቃል፣ ይወጥራል።

ይህ በጣም በግልጽ የሚታየው ዜን በሚባለው የቡድሃ እምነት ክፍል፣ በጃፓን መነኮሳት አቀማመጥ ላይ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዶገን የሚባል የዜን መምህር ለተማሪዎቹ የጻፈው መመሪያ አለ። ቀኝ እጅህን እግርህ ላይ አድርግ፤ ግራውን በቀኝ መዳፍህ ላይ አሳርፍ፤ የአውራ ጣቶችህን ጫፍ በቀስታ አነካካ ይላል። እጆቹ ከእንብርት በታች እንደ እንቁላል ያለ ክብ ይሠራሉ። ዓይንም አይጨፈንም። ከፈት እንዳለ ወደ ታች ዝቅ ይላል፤ አንድ ሜትር ያህል ከፊት ለፊት ያለውን ወለል ያያል።

ያንን ክብ እስቲ አስቢው። እንቅልፍ ሲጫንሽ አውራ ጣቶችሽ ይወድቃሉ፤ ክቡ ይጎደጉዳል። ስትጨነቂ ወይም ሐሳብ ስታሳድጂ ደግሞ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ወደ ላይ እንደ ተራራ ይቆማሉ። የዜን አስተማሪዎች «ሸለቆም ተራራም አታድርጉት» የሚሉት ለዚህ ነው። አስተማሪው ከኋላ ቆሞ የተማሪውን እጅ ብቻ አይቶ ልቡ የት እንዳለ ያውቃል። አንቺም ብቻሽን ስትቀመጪ ይህ ክብ አስተማሪሽ ይሆናል። አንድ ቀጭን ወረቀት በሁለቱ ጣቶች መሃል እንደያዝሽ አድርገሽ አስቢ። ብትለቂው ይወድቃል፤ ብትጨብጪው ይጨማደዳል።

አውራ ጣትና ሌባ ጣት መግጠሙም ያው ነው። መዳፍ ወደ ላይ ሲሆን ቺን ሙድራ፣ ወደ ታች ሲሆን ግያና ሙድራ ይሉታል፤ አንዳንድ ቤት ሁለቱንም ግያና ይላቸዋል። በሕንድ ትርጓሜ ሌባ ጣት የሰው ነፍስ ናት፤ አውራ ጣት ደግሞ የሁሉ መንፈስ ነው። የቀሩት ሦስቱ ጣቶች የተፈጥሮ ሦስቱ ጠባዮች ናቸው። ነፍስ ከሦስቱ ተለይታ ወደ አውራው ትጎነበሳለች። ውብ ምሳሌ ነው። ምሳሌውን ባትቀበዪውም ጣቶቹ ሥራቸውን ይሠራሉ።

ለምን ጣት ተመረጠ? ዊልደር ፔንፊልድ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር፤ የሚሠራው ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ ነው። ሕመምተኞቹ ነቅተው ሳለ አንጎላቸውን በትንሽ ኤሌክትሪክ እየነካ የትኛው ቦታ የትኛው አካል ላይ እንደሚሰማቸው ይጠይቃቸው ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት እጅና ፊት ከመጠናቸው በላይ የሆነ ሰፊ ቦታ አንጎል ውስጥ እንደያዙ አሳየ። ጀርባሽና ሆድሽ በአንድ ላይ የጣቶችሽን ያህል ቦታ የላቸውም። ሁለት ጣት ሲነካካ አንጎል ጥርት አድርጎ ይሰማዋል። ከትንፋሽ ይልቅ ጣት መያዝ የሚቀላቸው ጀማሪዎች የበዙት ለዚህ ይመስለኛል። በተለይ ትንፋሻቸውን ሲያዳምጡ የሚጨንቃቸው ሰዎች በጣታቸው ቢጀምሩ ይሻላል።

ስለ ፈውሱ ስጠየቅ ሁልጊዜ ከታሪኩ እጀምራለሁ። ሙድራ ማለት ማኅተም ማለት ነው። ያው ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ አሥር ሙድራዎችን ይዘረዝራል። ከአሥሩ አንዱ እንኳ የጣት ቅርጽ አይደለም። ምላስን ወደ ላንቃ ወደ ኋላ ማጠፍ፣ ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ፣ አገጭን ደረት ላይ ማሳረፍ፣ እግርን ወደ ላይ አድርጎ መገልበጥ የመሳሰሉት ናቸው። የእጅ ሙድራዎች በብዛት የመጡት በሌላ በር ነው። ታንትራ ከሚባለው የሕንድ አምልኮ ሥርዓት፣ ከቡድሃ ሐውልቶች፣ ከጭፈራ ጥበብ።

አሁን በየቪዲዮው የሚሰጠውን ሠንጠረዥ አይተሽው ይሆናል። አውራ ጣት እሳት፣ ሌባ ጣት አየር፣ መሃል ጣት ጠፈር፣ የቀለበት ጣት መሬት፣ ትንሿ ጣት ውሃ። ይህን ከዚያ ብታነካኪ ስኳር ይወርዳል፣ ያኛውን ብታጥፊ ታይሮይድ ይስተካከላል ይባላል። በጣት አያያዝ ስኳርን ወይም ደም ግፊትን ማዳን እንደሚቻል ያሳየ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ተረጋግቶ መቀመጥ በራሱ ሰውነትን ያቀዘቅዛል፤ ይህን ማንም ራሱ ላይ ሊያየው ይችላል። ከዚያ አልፎ መድኃኒት የሚያስተው ምክር ግን ሰው ይገድላል። እናትሽ ወይም አባትሽ ስኳር ካለባቸው ይህን በደንብ ንገሪያቸው።

ግራና ቀኙም ያስጨንቃቸዋል ብዙዎችን። «መምህር፣ ግራ እጄን ከላይ አድርጌ ቆየሁ፤ ኃይሌ ተገለበጠ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። የሕንድ የቡድሃ ሐውልቶች ቀኝ እጅን በግራ ላይ ያሳርፋሉ። ዶገን ደግሞ ግራውን በቀኝ ላይ አደረገ። ሁለቱም ወገን ለዘመናት በሰላም ተቀምጧል። የሚመችሽን ምረጪና እሱኑ ያዢ፤ በየቀኑ አትቀያይሪ።

ወደ ዓይን ልመለስ። የአፍንጫ ጫፍ ማየት ያቃተሽ ሰነፍ ሆነሽ አይደለም። እያንዳንዱን ዓይን የሚያንቀሳቅሱት ስድስት ጡንቻዎች ናቸው። አፍንጫሽን ስታዪ ሁለቱን ዓይን ወደ ውስጥ የሚስቡት ጡንቻዎች በሙሉ አቅማቸው ይጨመታተራሉ። ቀኑን ሙሉ ቅርብ ያለ ስክሪን ስታዪ የደከሙትም እነሱው ናቸው። ማታ ደግሞ ትርፍ ሥራ ትጨምሪባቸዋለሽ። ራስሽን ባያምሽ ነበር የሚገርመኝ።

የአፍንጫው ነገር ባጋቫድ ጊታ ከሚባለው የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ የመጣ ነው። ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ሰውነትን፣ ራስንና አንገትን ቀጥ አድርገህ፣ የአፍንጫህን ጫፍ እያየህ ተቀመጥ ይላል። ይህን ጥቅስ ሻንካራ የተባለው ታላቅ የሕንድ ሊቅ ሲተረጉመው «እንደሚያይ ሆኖ» ማለት ነው አለ። ምክንያቱም፣ ይላል ሻንካራ፣ የተባለው እውነት አፍንጫን ማየት ቢሆን ኖሮ ልብ የሚያርፈው አፍንጫ ላይ ይሆን ነበር። የተፈለገው ዓይን ወዲያ ወዲህ እንዳይቅበዘበዝ ብቻ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች የተረዱትን ዛሬ ሰውን ዓይኑ እስኪጣመም የሚያስጨንቅ አስተማሪ አለ። ያሳዝነኛል።

በሁለቱ ቅንድቦች መሃል ማየት የሚባለውም እንዲሁ ነው። አሁን በየክፍሉ ሻምባቪ ሙድራ ማለት ዓይንን ወደ ላይ ገልብጦ ግንባርን ማየት ሆኗል። በሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ ግን ሻምባቪ ሌላ መልክ አለው። ዓይን ወደ ውጭ ተከፍቷል፣ አያርገበግብም፤ ልብ ግን ወደ ውስጥ ነው ያለው። እያየ የማያይ ሰው ማለት ነው። አውቶቡስ ስትጠብቂ ሐሳብ ይዞሽ፣ ጓደኛሽ ፊት ለፊትሽ አልፋ ሳታያት የቀረሽበት ቀን የለም? ዓይንሽ ክፍት ነበር። ያ ሐሳብ ነበር፤ ሻምባቪ ደግሞ ያንኑ ዓይን በጸጥታ መያዝ ነው። ለዚህ ግንባር መወጠር አያስፈልግም።

አሁን ስላስፈራሽ ነገር። ግድግዳው የጠፋብሽ ጤነኛ ዓይን ስላለሽ ነው። የዓይን ነርቭ የሚነቃው በለውጥ ነው። አንድ ነጥብ ላይ ዓይንሽን ስትተክዪ በዳር በኩል ያለው የማይለወጥ ነገር ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ከዚያ ይጠፋል። ይህን ትሮክስለር የሚባል የስዊዘርላንድ ሐኪም በ1804 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ዓይንሽን ትንሽ ብታንቀሳቅሺ ግድግዳው ወዲያው ይመለሳል።

መስተዋቱም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ጆቫኒ ካፑቶ የሚባል ጣሊያናዊ ተመራማሪ በ2010 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አወጣ። 50 ሰዎችን ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ክፍል መስተዋት ፊት አስቀመጠ። ለ10 ደቂቃ የራሳቸውን ፊት ትኩር ብለው እንዲያዩ አደረገ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፊታቸው ተበላሽቶ፣ ተለዋውጦ አዩ። የማያውቁትን ሰው ፊት ያዩ አሉ። የወላጃቸውን ፊት ያዩ አሉ። አስፈሪ ፍጡር ያዩም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ጋኔን አልያዛቸውም፤ አላበዱም። ብርሃን ሲያንስና ዓይን ሲተከል የፊት ክፍሎች ይደበዝዛሉ፤ አንጎል ደግሞ የጎደለውን ከራሱ ይሞላል። ፊትን ማወቅ ላይ ከሁሉ በላይ የሠለጠነ ስለሆነ ሌላ ፊት ይሠራል። አንቺ ያየሽው ይህን ነው፤ ስለዚህ በሰላም ተኚ። ግን አትድገሚው። ጥቅም አላየሁበትም፤ በፍርሃት ለሚታመም ወይም ከዚህ ቀደም የአእምሮ ሕመም ለነበረበት ሰው ደግሞ አደገኛ ነው።

ትራታካን ወደፊት ልትመለሺበት ከፈለግሽ፣ ዓይንሽ አርፎ፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠዋት ይሁን። ኮንታክት ሌንስ ካለሽ አውልቂው። ሻማውን ከተዘረጋ እጅሽ ትንሽ ራቅ አድርጊው፤ ነበልባሉ ከዓይንሽ ትይዩ ይሁን። ነፋስ የሚገባበትን መስኮት ዝጊ፤ የሚወዛወዝ ነበልባል ያደክማል። ነጠላሽን ሰብስቢ፣ መጋረጃውንም አርቂ፤ ይህን የምለው ዓይኑ ሻማ ላይ ተተክሎ ልብሱ እሳት የነካበት ሰው ስለማውቅ ነው። ከዚያ ከክሩ ጫፍ በላይ ያለውን የነበልባሉን ክፍል እዪ። ዓይንሽ ማርገብገብ ሲፈልግ ያርገብግብ። አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ሲለምድ ሁለት ይሁን። ዓይንሽ ማቃጠል ሲጀምር፣ እንባ ከመሙላቱ በፊት ጨፍኚው።

እንዲያውም ዋናው ልምምድ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዓይንሽን ስትጨፍኚ ጨለማው ውስጥ የሻማው ምስል ይታይሻል። ቀለሙ ይለዋወጣል። ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ሬቲና፣ ብርሃኑ ያረፈበት ክፍሉ ስለደከመ ነው። ይህን ምስል በዓይንሽ ልትከተዪው ብትሞክሪ ይሸሻል። ሬቲናሽ ላይ ስለተቀረጸ ዓይንሽ ሲሄድ አብሮ ይሄዳላ! ካላባረርሽው ግን መሃል ላይ ይቆማል። ምስሉ እስኪጠፋ ድረስ ዝም ብለሽ አብረሽው ቆዪ። ተማሪዎቼ ዓይናቸው ሲጨነቅ የሚያውቁት እዚህ ጋ ነው፤ ምስሉ ዘሎ ሲሄድ። ከዚህ ወዲያ ስለ ዘና ማለት ብዙ ንግግር አያስፈልጋቸውም። መብራት ጠፍቶ ሻማ ስታበሪ እንኳ ልትሞክሪው ትችያለሽ። ሻማ ካልፈለግሽ ነጭ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተሳለች ጥቁር ነጥብ ትበቃለች።

ግላኮማ (ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር የሚያያዝ የዓይን ነርቭ በሽታ) ያለበት፣ በቅርቡ የዓይን ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ማይግሬን የሚያሠቃየው ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሻማ ላይ ዓይኑን አይትከል። በጣት ዓይንን፣ ጆሮንና አፍንጫን የመዝጋት ልምምድም አለ፤ ሻንሙኪ ይሉታል። እዚያ ላይ የዓይንን ኳስ መጫን ክልክል ነው። መጫኑ ዓይንን ከመጉዳቱም በላይ በነርቭ በኩል የልብን ምት ሊያዘገይ ይችላል። ፀሐይን በባዶ ዓይን እያዩ «ኃይል መቀበል» የሚሉትን ደግሞ በፍጹም እንዳትሞክሪ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት የታየች ጊዜ በባዶ ዓይን አትዩ መባሉን ታስታውሺያለሽ። ሬቲና ሲቃጠል አያምም፤ የሕመም ነርቭ የለውም። ሰው መጎዳቱን የሚያውቀው ኋላ ነው። ማለዳም ይሁን ማታ ያው ፀሐይ ናት።

ሃይማኖትሽን በተመለከተ ልዋሽሽ አልፈልግም። እነዚህ ነገሮች የተወለዱት በሂንዱና በቡድሃ እምነት ውስጥ ነው። ሁለት መዳፍን ደረት ላይ ገጥሞ ማጎንበስ ሕንድ ውስጥ ሰላምታም ነው፣ አምልኮም ነው። አንዳንድ አስተማሪ የአማልክት ስም የሚጠራ ዝማሬ ያስከትላል፤ አንዳንዱ አያስከትልም። የምትሠሪው ምን እንደሆነ አውቀሽ መወሰን ያለብሽ አንቺ ነሽ። እኔ ቄስ አይደለሁም። ከነፍስ አባትሽ ጋር ስትነጋገሪ «ዮጋ» ብለሽ ብቻ አትጠይቂያቸው። የምታደርጊውን በዝርዝር ንገሪያቸው፤ ቁጭ እላለሁ፣ እጄን እንዲህ አደርጋለሁ፣ ይህን እላለሁ ወይም አልልም ብለሽ። ያን ጊዜ እሳቸውም የሚመልሱልሽ ነገር ይኖራቸዋል። ዝማሬ የሌለበት፣ ስም የማይጠራበት ጸጥ ያለ መቀመጥ ከፈለግሽ እኔ ከታች የምጽፍልሽ እንደዚያ ያለ ነው።

ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ይህን አድርጊ። ከሥራ ገብተሽ ራት ከመብላትሽ በፊት ይሁን። ወንበር ላይ ወይም ትራስ ላይ ተቀመጪ፤ እግር ማጠፍ ግዴታ አይደለም። መብራቱን አታጥፊ። እጆችሽን ጭንሽ ላይ አሳርፊና የአውራ ጣቶችሽን ጫፍ ሳትጫኚ አነካኪ። ዓይንሽን ጨፍኚ። ከጨፈንሽው በኋላ ዓይንሽ ቆቡ ሥር የት እንዳለ እዪ። ብዙ ጊዜ የሚያነቡ ይመስል ይንቀሳቀሳሉ፤ የቀኑን ሒሳብ እየደመሩ ነው። ጉንጭሽንና መንጋጋሽን ስትለቂያቸው እነሱም ዝቅ ይላሉ። ከዚያ ጣቶችሽ የተነካኩበትን ቦታ ብቻ ስሚ። ሙቀት አለው፣ ትንሽ የልብ ምት ይሰማል። ልብሽ ይሄዳል፤ ይሂድ። ጣቶችሽ ተለያይተው ወይም ተጫጭነው ታገኚያቸዋለሽ። አስተካክዪያቸውና ቀጥዪ። አሥር ደቂቃ በቂ ነው። እንቅልፍ ካስቸገረሽ ዓይንሽን ከፈት አድርገሽ ወለሉን እዪ።

ቢሮም አንድ ነገር ጨምሪ። በየሃያ ደቂቃው ከስክሪኑ ቀና በይ። ስድስት ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ለሃያ ሰከንድ እዪ፤ እያርገበገብሽ። የሚቻል ከሆነ በመስኮት በኩል ዛፍ ይሁን።

ሁለት ሳምንት አድርገሽው ራስ ምታቱ ካልለቀቀሽ የሻማው ብቻ አልነበረም ማለት ነው። የዓይን ሐኪም ጋ ሂጂና መነጽር ያስፈልግሽ እንደሆነ ተመርመሪ። የዓይንሽን ግፊትም ይለኩልሽ፤ በተለይ ከቤተሰብሽ ግላኮማ ያለበት ሰው ካለ ሳትነግሪያቸው እንዳትወጪ።